አራተኛው ምስክር

አቶ ዓለምነው ቢተው ደብረ ማርቆስ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ዐቃቤ ሕግ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጡ። እኔ ያለምወርቅ እባላለሁ፤ ከዚያ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን ዓመት ጸሐፊያቸው ነበርኩ። ክሳቸውን የምተይበው፣ መዝገባቸውን የማደራጀው፣ ባለጉዳይ ሲበዛ በር ላይ ቆሜ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ከተማው ስለ እሳቸው ብዙ ያወራል። የማያውቃቸው ሁሉ ሲፈርድባቸው ዝም ብሎ መስማት ስላቃተኝ ነው ይህን የምጽፈው። ልከላከልላቸውም አይደለም፤ እኔ ራሴ እስከ ዛሬ አልቆረጠልኝም።

የተወለዱት ከይጁቤ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ገባ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ አባታቸው በሦስት ቀን ሕመም ሞቱ። ቤቱ ውስጥ የቀሩት እናታቸው እማማ የብርጓልና ሁለት ወንዶች ናቸው፤ ዓለምነውና የሦስት ዓመት ታናሻቸው እንዳላማው። መሬቱ ፆም እንዳያድር አራሽ ይፈልጋል። እማማ የብርጓል ሁለቱን ፊታቸው አቁመው «አንዳችሁ ትማራላችሁ፣ አንዳችሁ ታርሳላችሁ። እኔ መምረጥ አልችልም» አሏቸው።

የአሥራ ሦስት ዓመቱ እንዳላማው «እኔ ልረስ» አለ።

አቶ ዓለምነው ይህን የነገሩኝ አንድ ቀን ዶፍ ይዞን ቢሮ ውስጥ እንደተቀመጥን ነው። «በክፍሉ አንደኛ የሚወጣው እሱ ነበር» አሉኝ፤ «እኔ ሰባተኛም ስምንተኛም ነበርኩ። ወዲያው ልረስ ሲል አልተከራከርኩትም። አንዲት ቃል አልተናገርኩም።»

ከዚያ በኋላ እንዳላማው በየአሥራ አምስት ቀኑ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ፣ ድርቆሽና በሶ በአህያ ጭኖ፣ ደብረ ማርቆስ ድረስ ለወንድሙ ስንቅ ያመላልስ ጀመር። አቶ ዓለምነው አሥራ ሁለተኛን ያለፉት በእሱ ስንቅ ነው፤ አዲስ አበባ ሕግ ተምረው የመጡትም እሱ እየሸጠ በላከላቸው እህል ነው። ሥራ ይዘው አስተማሪዋን ወይዘሮ አይናዲስን ሲያገቡ እንዳላማው ሁለት ሙክት እየነዳ መጣ። ሂዊ የተባለች ሴት ልጅ ስትወለድ ስሟን ያወጣላትም እሱ ነው። ልጅቷም ከአባቷ ይልቅ ለአጎቷ ትሞትለት ነበር።

በሥራቸው እንደ እሳቸው ያለ ሰው አላየሁም። ባለጉዳይ ሻይ ልጋብዝዎ ሲላቸው «ሻዩን እኔ ልጋብዝህ፤ አንተ እውነቱን ጋብዘኝ» ይላሉ። ቂመኛ አልነበሩም፣ ቁጡም አልነበሩም። አንድ ነገር ብቻ አይችሉም፤ የሚያውቁትን አላውቅም ማለት።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት አንዲት እናት ከአማኑኤል መጡ። ልጃቸው ሚስቱን አንቆ ገድሎ ራሷን ሰቀለች ብሎ ቀብሯታል። በጓዳው በር ቀዳዳ ያዩት እናቱ ብቻ ናቸው። ለፖሊስ ምንም አላየሁም ብለዋል፤ አቶ ዓለምነው ግን ፊታቸውን አይተው አልለቀቋቸውም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያነጋግሯቸው እኔ ከመተየቢያዬ አልተነሳሁም።

«እናቴ፣ ይህን የሚያውቁት እግዚአብሔርና እርስዎ ብቻ ናችሁ» አሏቸው በመጨረሻ። «እግዚአብሔር ደግሞ ችሎት አይቀርብም።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው አለቀሱ። ከዚያ ቀርበው መሰከሩ። ልጁ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። እናቱ ቤታቸውን ዘግተው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተጠግተው እንደሚኖሩ ቆይተን ሰማን። አቶ ዓለምነው ለሥራ ወደዚያ ባለፉ ቁጥር መኪናውን አስቁመው ይወርዱና ሰላም ይሏቸዋል። ሴትዮዋ ግን ቀና ብለው አያዩዋቸውም።

ሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ እንዳላማው ከሰዓት በኋላ ከይጁቤ በሚመጣው ሚኒባስ ደብረ ማርቆስ ገባ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። አቶ ዓለምነው ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጠና ውኃ ለመነ። ወይዘሮ አይናዲስ ሲሰጡት ግማሹን ደረቱ ላይ ደፋው።

«አያ፣ አገኘሁን ገደልኩት» አለ።

አገኘሁ የመሬት ኩታ ገጠሙ ነው። በሁለቱ ማሳ መካከል ባለች ሁለት ክንድ በማትሞላ ድንበር ለዓመታት ሲነታረኩ፣ ሽማግሌ ሲያስታርቃቸው፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ሲጣሉ ኖረዋል። በዚያ ቀን እንዳላማው ሊያርስ ሲወጣ ድንበሩ ተገፍቶ አገኘው። ተሰዳደቡ። አገኘሁ በእናቱ ሰደበው።

«መጥረቢያ ይዞ ነበር?» አሉ አቶ ዓለምነው።

«እንጨት ሲፈልጥ ነበር። መጥረቢያው ግን መሬት ላይ ነው። ሰድቦኝ ሲያበቃ ዞረ፤ ወደ በሬዎቹ ሊሄድ ጀርባውን ሰጠኝ። ያኔ ነው ዱላውን ማጅራቱ ላይ ያሳረፍኩበት። አንዴ ብቻ ነው አያ። አንዴ።»

አቶ ዓለምነው ጫማቸውን አጠለቁ፣ ካፖርታቸውን ለወንድማቸው አለበሱትና ክንዱን ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት። በማግስቱ ቢሮ ገብተው በወንድማቸው ጉዳይ እንደማይገቡ በጽሑፍ አመለከቱ። ደብዳቤውን የተየብኩት እኔ ነኝ። እስከዚህ ድረስ ማንም አልከፋም፤ ገጠሩም ከተማውም ደግ አደረጉ አለ።

ነገሩ የተበላሸው በመስከረም ነው። እንዳላማው ጠበቃ ገዛ። ጠበቃው ማሳ ላይ የተገኘውን መጥረቢያ አየና የመከላከያውን ቃል በዚያ ላይ ሠራው፤ አገኘሁ መጥረቢያ አንስቶ መጣብኝ፣ ራሴን ለማዳን መታሁት የሚል። ያየ ሰው የለም። ዐቃቤ ሕግ የያዛቸው ሦስት ምስክሮች ከሩቅ ጩኸት ሰምተው የደረሱ ናቸው። መዝገቡን የተረከበው ወጣት ዐቃቤ ሕግ «ይህማ በነፃ ይወጣል» ሲል ጆሮዬ ሰማ።

በዚያው ሰሞን የአገኘሁ ሚስት ዘቢደር ሕፃን አዝላ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ ግቢያችን ትመላለስ ነበር። ማንንም አትጠይቅም። ባሕር ዛፉ ሥር ትቀመጥና ሲመሽ ትሄዳለች። አቶ ዓለምነው በመስኮት ያዩዋታል።

ቤታቸው የተነጋገሩትን ወይዘሮ አይናዲስ ናቸው የነገሩኝ። እራት ላይ ነው።

«ቃሌን ልሰጥ ነው» አሉ ባል።

«ማን ጠየቀህ?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

«እንግዲያስ ተወው! ሞቶ ተቀብሯል፤ አትመልሰው። ይህን የሚያውቅ የለም፤ አንተና እኔ ነን። እኔ አፌን ዘግቻለሁ። ወንድምህ እኮ ነው ዓለምነው! ያበላህ!»

«የአማኑኤሏን እናት ምን ልበላት?»

«ምንም አትበላት! እሷ ምንህ ናት?»

ወይዘሮ አይናዲስ ሳህኑን አንስተው ወደ ጓዳ ገቡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከባላቸው ጋር በአንድ መሶብ ቀርበው አያውቁም።

የማስረጃ ዝርዝሩን ስተይብ አራተኛ ተራ ላይ «ዓለምነው ቢተው» የሚለውን ስም አየሁ። የሌላ ሰው ስም ተሳስቶ የገባ መስሎኝ ረቂቁን ይዤ ገባሁ።

«ልክ ነው» አሉኝ። «ቀጥይ።»

ወሬው ይጁቤ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። በሦስተኛው ቀን እማማ የብርጓል መጡ። ከሰባ በላይ ናቸው፤ መቋሚያ ይዘዋል። ወንበር ሳቀርብላቸው አልተቀመጡም። ልጃቸው ከጠረጴዛቸው ተነስተው ጉልበት ሊስሙ ሲጠጉ መቋሚያውን በመካከላቸው ተከሉት።

«ሁለት ወለድኩ» አሉ። «አንዱን ለመንግሥት ሰጠሁ። ያ ቀርቶኝ በአንዱ ኖርኩ። አሁን መንግሥት እሱንም ልውሰድ ሲል የምታስረክበው አንተ ነህ?»

«እማ፣ ሰው ሞቷል።»

«የሞተውን እኔም አልቅሼዋለሁ! ከዘቢደር ጋር ፊቴን ነጭቻለሁ። ሽማግሌ ልኬ ደም ይድረቅ ብዬ ከመሬቴ ልሰጥ ቃል ገብቻለሁ። አንተ ምን ሰጠህ? የሰው ምሥጢር! በረንዳህ ላይ ለወንድሜ ብሎ የነገረህን!»

«ዳኛ ሲጠይቀኝ ልዋሽ?»

«ዳኛው መቼ ጠየቀህ? አንተ ነህ የሄድክ።»

ይህ ነገር እውነት ነበር። እናትየዋ ወደ በሩ ዞሩና ሳይመለከቷቸው «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይላሉ። አህያስ ተሻለችህ» ብለው ወጡ። እናትና ልጅ ሲነጋገሩ ያየሁት ያ የመጨረሻው ነው። ለእነሱም የመጨረሻቸው ነበር።

ችሎቱ ኅዳር ላይ ዋለ። አዳራሹ ከይጁቤ በመጣ ሰው ሞልቷል፤ ግማሹ የአገኘሁ ወገን፣ ግማሹ የእንዳላማው። አቶ ዓለምነው ሲምሉ ድምፃቸው አልተሰማም፤ ዳኛው ድገሙት አሏቸው። ከዚያ ግን ያለ ማመንታት ተናገሩ። ጀርባውን ሰጥቶት ነበር ብሎኛል፤ መጥረቢያው መሬት ላይ ነበር ብሎኛል።

የእንዳላማው ጠበቃ ለመስቀለኛ ጥያቄ ተነሳ።

«ተከሳሹ ለእርስዎ ምን ናቸው?»

«ወንድሜ ነው።»

«ያስተማርዎት ማን ነው?»

«እሱ።»

«ከእሱ ጋር በአባታችሁ መሬት ጉዳይ ቅሬታ የለብዎትም?»

«የለብኝም።»

«እሱ ቢታሰር መሬቱ ለማን ይደርሳል? ለእርስዎ አይደለም?»

አዳራሹ አጉረመረመ። ከኋላ አንድ ሰው «ይሁዳ!» አለ። አቶ ዓለምነው ሊመልሱ ሲሉ እንዳላማው ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ሳይፈቀድለት ተነሳ።

«ተዉት» አለ ለጠበቃው። «አያ ዋሽቶ አያውቅም። እንዳለው ነው።»

ጠበቃው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። ዳኛው ብዕራቸውን አንስተው ጻፉ። እንዳላማው አሥራ አራት ዓመት ተፈረደበት።

ሂዊ በዚያ ጊዜ የሕግ ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ችሎቱን ከጓደኞቿ ጋር ተቀምጣ ሰምታለች። ቤት ስትገባ አባቷ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ሳሎን ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ እኔ ብሆንስ?» አለቻቸው።

«ምን?»

«ገድዬ መጥቼ በረንዳ ላይ ብነግርህስ?»

ወይዘሮ አይናዲስ እንደሚሉት ልጅቷ ቆማ ጠበቀች። እናትየዋ በልባቸው ዋሽ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዋሽ እያሉ ይለምኗቸው ነበር።

«አንቺም ብትሆኚ» አሉ አቶ ዓለምነው።

ሂዊ በሚቀጥለው መንፈቅ ሕግ ትምህርት አቋርጣ ሌላ የትምህርት ክፍል ገባች። ተመርቃ ሐዋሳ ሄደች፤ እዚያው አግብታ ሁለት ወልዳለች። የምትደውለው በእናቷ ስልክ ነው። ልጆቿን አያታቸው በስልክ ፎቶ እንጂ በዓይን አላዩአቸውም።

በዓመቱ መጨረሻ መሥሪያ ቤታችን ምስጉን ሠራተኛ ሲመርጥ አቶ ዓለምነውን መረጠ። አዳራሽ ውስጥ ስማቸው ተጠርቶ የምስክር ወረቀትና የግድግዳ ሰዓት ተሰጣቸው። ሸላሚው «ለሕግ ሲሉ ወንድማቸውን ያልማሩ» ብሎ አስጨበጨበላቸው። እጃቸውን ዘርግተው ሲቀበሉ ፊታቸውን አየሁ፤ ሰው በአደባባይ ሲገረፍ እንደዚያ ይሆናል። ቢሮ ተመልሰው ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«ይህን ከመዝገብ ጋር አያይዢልኝ።»

«ከየትኛው መዝገብ ጋር?» አልኳቸው።

«ከእንዳላማው።»

አላያያዝኩትም፤ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። ሰዓቱን የቢሮው ተላላኪ ወሰደው።

ከዚያ በኋላ አብረዋቸው የሚሠሩት ሰዎች ፊታቸው ማውራት ተዉ። እሳቸው ሻይ ቤት ሲገቡ ጠረጴዛው ጸጥ ይላል። ወንድሙን ያልማረ እኛን ይምራል ወይ ነው ነገሩ። የኃላፊነት ቦታ ሲከፈት ሁለት ጊዜ ታለፉ። ያጨበጨቡላቸው ሰዎች ናቸው ያለፏቸው።

የተጎዳችውስ ምን አገኘች ያላችሁ እንደሆነ፣ ዘቢደርን የባሏ ወንድሞች ከመሬቱ ገፍተው አስወጧት። ያቺ ሁለት ክንድ ድንበርም ለማንም አልሆነች፤ የገጠር መንገድ ሲቀየስ በሁለቱ ማሳ መሐል አለፈና ከነሙሉ ዳርቻዋ ተቆረጠች። ዘቢደር ልጆቿን ይዛ ደብረ ማርቆስ ገባች፣ ገበያ ውስጥ ድንች ትሸጣለች። አንድ ቅዳሜ ከአቶ ዓለምነው ጋር አብረን ስንገዛ አጋጠመችን። አወቀቻቸው። ድንቹን መዝና ከጨመረች በኋላ ነው የተናገረችው።

«ጋሼ፣ እርስዎ እውነት ተናገሩ ይላሉ። ከእሷ እውነት እኔን የደረሰኝ የለም። የባሌ ወንድሞች የሚሉትን ሰምተዋል? የዐቃቤ ሕግ ወንድም ስለሆነ ነው አሥራ አራት ብቻ የተፈረደበት፣ እዚያው ተማክረው ነው ይላሉ።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት።

«እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ ድንች ነው የምሸጥ» አለች። ፌስታሉን ተቀብለው ሄዱ።

እንዳላማው በአመክሮ በሁለት ሺህ አሥራ አራት ተፈታ። በቀጥታ እናቱ ቤት ገባ። ወንድሙን ሊጠይቅ አልመጣም፣ ወንድሙም አልሄዱም። በሚቀጥለው ዓመት አቶ ዓለምነው ጡረታ ወጡ። ሽኝት ሳይደረግላቸው ቀረ፤ ጊዜው አይመችም ተባለ።

ጥር ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ላይ እማማ የብርጓል አረፉ። መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን የሚዘጋበት፣ ስልኩም የጠፋበት ወቅት ነው። አቶ ዓለምነው የእናታቸውን ሞት የሰሙት በስምንተኛው ቀን ነው፤ ገበያ ውስጥ አንድ የጤፍ ነጋዴ «እግዚአብሔር ያጥናዎት» ሲላቸው። ለምን እንዳላረዷቸው ቢጠይቁ ኔትወርክ ስለሌለ ነው አሏቸው። ኔትወርክ አልነበረም፤ እውነት ነው። ግን መርዶ ነጋሪ በእግሩ ደብረ ማርቆስ ድረስ መጥቶ ለአክስታቸው ልጅ ነግሮ ተመልሷል። የአክስታቸው ልጅ ቤት ከእነሱ ቤት ጀርባ ነው። ሰውየው በበራቸው አልፎ ነው የሄደው።

ለአርባው ለመድረስ ከይጁቤ ወዲያ ያለውን በእግራቸው ሄዱ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ እንዳላማው ቆሞ ጠበቃቸው። ራሱ ሸብቷል። ከተያዩ አሥራ አንድ ዓመት አልፏቸዋል።

«አያ ዓለምነው፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አያ፣ ከእኔ በኩል የቀረ ነገር የለም። እስር ቤት ውስጥ አምስት ዓመት ስረግምህ ኖርኩ፤ ከዚያ ደከመኝ። እማ ግን አደራ ብላኛለች። መቃብሬ ላይ አይቁም ብላለች። ሁለት ጊዜ ነው ያለችኝ።»

«የሞት ጣር ላይ ሆና ይሆናል…»

«አይደለም። አእምሮዋ ደህና ነበር።» እንዳላማው የበሩን እንጨት ይዞ መሬት መሬት አየ። «ብዋሽህ ደስ ባለኝ። ጥሩልኝ ብላ ነው የሞተችው ብልህ ትገባ ነበር፤ ከእኔ በቀር የሰማት የለም። ግን ምን ላድርግ? አልሆነልኝም።»

አቶ ዓለምነው አልተከራከሩም። ከቅጥሩ ውጭ፣ ነዳያን ከተቀመጡበት ግንብ ሥር ቁጭ አሉ። ፍትሐቱ ሲያልቅ የተዝካሩ እህል ለነዳያን ታደለ። አዳዩ ማንነታቸውን አላወቀም፤ ለእሳቸውም እንጀራ በወጥ ጠቅልሎ ሰጣቸው። በሉት። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ «የእናቴ ተዝካር ደርሶኛል» አሉኝ፣ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

አሁን ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ነው። ባልና ሚስት በአንድ ቤት ይኖራሉ። አቶ ዓለምነው ከሰው አይገጥሙም፤ ጠዋት ኪዳን ያደርሳሉ፣ ከዚያ በረንዳቸው ላይ ጋዜጣ ይዘው ይውላሉ። አንድ ጊዜ እንደገና ቢሆን ያደርጉት እንደሆነ ጠይቄያቸዋለሁ። «ራሴን የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ያኔ እንዳላማው ልረስ ሲል ለምን ዝም አልኩ?» አሉኝ።

ወይዘሮ አይናዲስ በየዓመቱ ጥር ላይ ለአማታቸው ዝክር ይጁቤ ይሄዳሉ። ባላቸው ጥቅሉን ተሸክመው መናኸሪያ ድረስ ያደርሷቸዋል፣ ሚኒባሱ እስኪነሳ ቆመው ይጠብቃሉ። ሲመለሱ ማን ማን እንደመጣ ይጠይቋቸዋል። ወይዘሮ አይናዲስም ይዘረዝሩላቸውና መጨረሻ ላይ «እንዳላማው ሰላም በይልኝ ብሏል» ይላሉ።

እንዳላማው እንዲህ ብሎ አያውቅም። ወይዘሮ አይናዲስ ለእኔ ነግረውኛል፤ ስማቸውንም አንስቶ አያውቅም። ሰላምታውን የሚፈጥሩት እሳቸው ናቸው። አቶ ዓለምነው ዕድሜ ልካቸውን የሰው ቃል ሲመረምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የሚስታቸውን ፊት ማንበብ አይሳናቸውም።

«እግዚአብሔር ይስጠው» ይላሉ፤ መቼ አለ፣ እንዴት አለ ብለው አይጠይቁም።